ወረቀቱ ነግሮኝ ነበር

በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ሞጣ ውስጥ ባለች አንዲት ጋራዥ ደጃፍ፣ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ከደብተራቸው ብጫቂ ወረቀት ቀደዱ። የመኪናዬ ሞተር በሚኒሞ እየሠራ ነበር። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ወረቀቱን ቀዳዳው አፍ ላይ ጋደም አደረጉት። ሞተሩ ጤነኛ ቢሆን ወረቀቱን ወደ ውስጥ ስቦ ይይዘው ነበር። አልሳበውም። ወረቀቱ ተገፍቶ ተነሣና እግሬ ሥር ወደቀ።

«አየህ ልጄ፣ መተንፈሻው ተደፍኗል» አሉኝ። ማየቱን አየሁ፤ መስማቱን ግን አልሰማሁም።

መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ባለ 1,290 ሲሲ ሞተር፣ ባለ ካርቡሬተር፣ አገሩ ሁሉ «ዲኤክስ» ብሎ የሚያውቃት። ታላቅ ወንድሜ ወደ ውጭ ሲሄድ ከአንዲት ትንሽ ደብተር ጋር አስረከበኝ። ደብተሯ ላይ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት የቀየረበት ቀን በእጁ ተጽፏል። እኔ ቢቸና፣ እናታችን ሞጣ ስለሆንን፣ በደብረ ወርቅና በጉንደወይን አድርጌ የምጠይቃት በዚያች መኪና ነበር።

በዚያ ዓመት መኪናዋ መጥፋት ጀመረች። ስትሮጥ ደኅና ናት፤ ፍሬን ይዤ ስቆም ግን ተንገጫግጫ ቀጥ ትላለች። የአየር ፊልትሮውን ቤት ስከፍት ዘይት አቁሯል። የቴስታታው ክዳን ዙሪያውን ዘይት ያልበዋል፤ ካንዴላዎቹም በጥላሸት ጠቁረዋል። መኪናዋ ከዚህ በላይ እንዴት ልትነግረኝ ትችል ነበር?

ዛሬ የሁሉንም ምክንያት አውቀዋለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። የትኛውም ሞተር፣ አዲስም ቢሆን፣ በፒስተኑ ፋሻ በኩል ጥቂት ጋዝ ወደ ዘይቱ ቋት ያመልጠዋል። ያንን ጋዝ ወደ ሞተሩ መልሳ የምታስቃጥለው ፒሲቪ ቫልቭ የምትባል፣ አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ናት። ይህቺ ዕቃ በዝቃጭ ስትደፈን ጋዙ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። በጋርኒሲዮኑ በኩል ዘይቱን እየገፋ ያወጣዋል፤ የተረፈውን የዘይት ጉም ይዞ ወደ አየር ፊልትሮው ይመለሳል። ፊልትሮው ዘይት ሲጠጣ አየር ያጥራል፣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ሞተሩም ሚኒሞ ላይ መቆም ያቅተዋል።

የእኛ ደጋ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። ከጮቄ ተራራ በኩል በሚመጣው የማለዳ ብርድ ሞተር ሳይሞቅ ሠርቶ ሲጠፋ ደግሞ ውስጡ የቀረው እንፋሎት ውኃ ሆኖ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዝቃጭ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። በከተማ ውስጥ ከሰፈር ሰፈር ብቻ የምትመላለስ መኪና ዘይቷ ቶሎ የሚበላሸውም ለዚህ ነው።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ዝም ብለው «ሞተር ይውረድ» አላሉኝም። «ኮምፕሬሽኑን እንለካው። ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገን እንደገና እንለካለን፤ ያኔ ከፍ ካለ ፋሻው አልቋል ማለት ነው። ደኅና ከሆነ ግን ቫልቩን አጥበን፣ ቋቱን አውርደን ዝቃጩን እንጠርግልህና ትሄዳለህ። ዛሬ እደርና ከጎኔ ሆነህ እይ፤ ሁልጊዜ ይጠቅምሃል» አሉኝ።

ለማደር የሚያስቸግረኝ ነገር አልነበረም፤ የእናቴ ቤት እዚያው ከተማ ነው። እኔ ግን «ቸኩያለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ለማግስቱ ቢቸና ላይ ሰው ቀጥሬ ነበር። ያ ሰው ሳይመጣ ቀረ።

ቢቸና ስገባ ወደ ሌላ መካኒክ ሄድኩና «እንዳትጠፋብኝ አድርግልኝ» አልኩት። ካንዴላ ቀየረልኝ፣ ሚኒሞውን ከፍ አደረገልኝ። መኪናዋ መጥፋቷን አቆመች። እሱን አልወቅሰውም፤ የሠራልኝ የጠየቅሁትን ነው። ምን እንደሆነች ብጠይቀው ኖሮ ምናልባት ይነግረኝ ነበር። መጥፋቷ ጩኸቷ ነበር፤ እኔ ከፍዬ አፏን አስያዝኳት። ከዚያ በኋላ ለአሥር ወር ዘይቱን አልቀየርኩም፤ መለኪያውን እንኳ አዘውትሬ አላየሁም።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ከአዲስ አበባ ስመለስ ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃ ወረድኩ። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን የሚወስደውን አቀበት ስያያዝ የዘይት መብራት በራ። «ሽቦ ይሆናል» ብዬ ቀጠልኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ከሞተሩ ውስጥ ኳኳታ ተሰማ፤ ከዚያ ሞተሩ ነከሰና ቀጥ አለ። ተጎትታ ስትከፈት የዘይት መምጠጫው ወንፊት በጥቁር ዝቃጭ ተደፍኖ ተገኘ። ዘይት ወደ ላይ ሳይደርስ ብረት ብረትን በልቶታል።

ከዚያ በኋላ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ አስቀድሞም የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሎ ነበር። እንደኔ ላለ ሰው እጁ ላይ ያለችው አሮጌ መኪና ምትክ የሌላት ንብረት ሆናለች። እኔ ያቺን ንብረት በአንድ ቀን ትዕግሥት ማዳን ስችል አጠፋኋት። አሁን ሞጣ የምሄደው በአውቶቡስ ነው፤ እናቴን የምጠይቅበትም ጊዜ ከበፊቱ አንሷል።

የወንድሜ ደብተር አሁንም ኪሴ ውስጥ አለች። የመጨረሻው መስመር የእሱ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ገጽ ሁሉ ባዶ ነው።

አሮጌ መኪና ያለህ ወንድሜ፣ ያለሽ እህቴ፦ ነገ ጠዋት ሞተሩን አስነሡ፣ የዘይቱን ክዳን ክፈቱ፣ አንድ ብጫቂ ወረቀት አኑሩበት። ወረቀቱ ከተገፋ በዚያው ዕለት የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። መኪናችሁም ቆማ ከጠፋች «ሚኒሞውን ከፍ አድርግልኝ» ከማለታችሁ በፊት ለምን እንደምትጠፋ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅሁም።