የተከፈተ ጠርሙስ

እኛ ቤት ወይን ጠጅ የሚከፈተው በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው። ለገና፣ ለፋሲካ፣ አንዳንዴም ለልጃችን ልደት። እኔና ባለቤቴ እዚህ ግባ የምንባል ጠጪዎች አይደለንም። አንዳንድ ብርጭቆ እንላለን፣ ከዚያ ጠርሙሱን ቡሹን ወተፍ እናደርግበትና ቡፌው ላይ ከጌጣጌጡ ጋር እናቆመዋለን። ደግሞም ያምራል! እንግዳ ሲመጣ ያየዋል፤ እኛም በልባችን “ቤታችን ወይን አይጠፋም” እንላለን።

አምና ለገና የከፈትነው ቀይ ወይንም እንደ ደንቡ ቡፌ ላይ ወጣ። በአስራ ሁለተኛው ቀን፣ ጥምቀት ዕለት፣ የሟቹ አባቴ የልብ ጓደኛ ታቦት አስገብተው ሲመለሱ ወደ ቤታችን ጎራ አሉ።

ሰውየው ለእኔ አባት ማለት ናቸው። አባቴ ሲሞት ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ደሞዛቸው ለራሳቸው ቤት እንኳ በቅጡ ሳይበቃ፣ ከዚያችው ላይ ቆንጥረው የኪስ ገንዘብ ይልኩልኝ ነበር። ዛሬ ጡረተኛ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ቤትህ ሲመጣ ያለህን ሁሉ ነው የምታቀርበው። ባለቤቴ ወጡን አሞቀች፤ እኔ ወይኑን ከቡፌው አወረድኩና ብርጭቋቸውን ሞላሁላቸው።

አንዴ ፉት አሉና ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

“እንዴት ነው ጋሼ?”

“ደህና ነው... ተጫወት አንተ።”

ቀስ እያሉ ጨረሱት። “ልድገምዎት?” ስላቸው ብርጭቆውን በመዳፋቸው ከደኑት። ሊሄዱ ሲነሱ ልጃችንን ሳም አድርገው ገንዘብ አስጨበጧት። ልማዳቸው ነው፤ ሁልጊዜ መቶ ብር። የዚያን ዕለት ግን አምስት ባለ ሁለት መቶ ብር ኖት ሆኖ ተገኘ። አንድ ሺህ ብር፣ ያውም ከጡረታ ላይ! “ምን ነካቸው?” ተባባልን።

ባለቤቴ ዕቃ ስታነሳሳ ከጠርሙሱ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ፊቷ ጭምድድ አለ።

“በስመ አብ! ይሄ እኮ አቼቶ ነው!”

አልቀመስኩትም ነበር። ይበልጥ ያፈርኩት በዚህ ነው። ድሮ አሳላፊ ጠጅ ሲያቀርብ መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምስ ነበር። መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ነው ይባላል፤ ግን መኮምጠጡም በዚያው ይታወቃል። እኛ ዘመናዊዎቹ ወጉን ትተን፣ የሰው አባት አቼቶ አጠጣን።

ሆቴል ቤት የሚሠራ አንድ ወዳጄ ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝ። “ጥፋቱ የወይኑ አይደለም፣ ያንተ ነው” አለኝ። ሳጣራው እውነቱን ነው። ጠርሙስ ሲከፈት አየር ይገባል። አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን መጀመሪያ የወይኑን መዓዛና ጣዕም ያደበዝዘዋል። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ኦክስጅን የሚፈልጉ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይቀይሩታል፤ አቼቶን አቼቶ የሚያደርገው ይኸው አሲድ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጥንቶ ያስረዳው ይህንን ነው። እናቶቻችን ግን ስለ ባክቴሪያ ሳይነገራቸው የጠላውን ጋን አፍ በጭቃ ይመርጉ ነበር። አየር የገባው ጠላ ምን እንደሚሆን ያውቁታል።

መድኃኒቱም ከዚያ የራቀ አይደለም፦ አየርንና ሙቀትን መከላከል። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ አምስት ብርጭቆ ያህል ይወጣዋል። ሁለት ብርጭቆ ብቻ እንደምትጠጡ ካወቃችሁ፣ ገና ስትከፍቱት የሚተርፈውን ክዳኑ ጥብቅ በሚል ንጹሕ ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ ክደኑት። አየር መቀመጫ አያገኝም። ከዚያ ፍሪጅ። “ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም” የሚል ሰው አይጠፋም፤ የተከፈተ ከሆነ ይገባል። ቅዝቃዜው ብልሽቱን ያዘገየዋል። ከመጠጣታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድማችሁ አውጡት። ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከተጋደመ ወይኑ ከአየር ጋር የሚገናኝበት ገጽ ይሰፋል። እንዲህ ተደርጎም ቢሆን ነጩም ቀዩም ከሦስት እስከ አምስት ቀን ነው ዕድሜው። የሚፈላው ወይን ከዚያም ያንሳል። “አፉ ላይ ማንኪያ ብታንጠለጥልበት አረፋው አይጠፋም” የሚባለውም ተረት ነው፤ አጥብቆ የሚይዝ ክዳን ነው የሚያስፈልገው።

ሌላም “መድኃኒት” አለ፤ ብዙዎቻችን የምንወደው። “የተከፈተ ጠርሙስ አያድርም!” ብሎ እስከ ጭላጩ መጨረስ። ስንቱ ሰው አምስተኛውን ብርጭቆ የጠጣው አምሮት ሳይሆን “እንዳይበላሽ” ብሎ ነው! ወይኑ ከሚበላሽ እኛ ብንበላሽ የምንመርጥ ይመስላል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። በዐቢይ ጾም መሃል ደወሉልኝ።

“ልጄ፣ ሥራ እንዴት ነው?”

“ደህና ነው ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።”

“ለእኔ አትደብቀኝ። ሰው ነው፣ ይቸግረዋል። አሁን ከዕቁቤ ትንሽ ነገር...”

ያኔ ነው የበራልኝ። ሰውየው አቼቶውን እየተጎነጩ፣ “ይህ ልጅ ደህና ወይን መግዣ እንኳ አጥቷል” ብለው ደምድመው ነበር! አንድ ሺህ ብሩም፣ ዕቁቡም ከዚያ የመጣ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ስለ እኔ ሲጨነቁ ከርመዋል።

ለፋሲካ ቤታቸው ሄጄ እውነቱን ተናዘዝኩ። ስለ ቡፌውም፣ ስለ ቡሹም፣ ስለ ባክቴሪያውም። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

“ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?”

“እንዳታፍር ብዬ ነዋ! አንተስ ብሩ ሲበዛብህ ለምን አልጠየቅኸኝም?”

“እንዳይቀየሙኝ ብዬ።”

ዝም ተባባልን። ይሉኝታ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። እሳቸው ዝም ብለው ጠጡ፣ እኔ ዝም ብዬ ተቀበልኩ፤ መሃል ላይ የአንድ ጡረተኛ የወር አስቤዛ ወጣ። “ይሄ ነገር ኮምጥጧል ልጄ” የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃን ነበር። ብሩን ልመልስ ብል “የልጅቷ ነው” ብለው እንቢ አሉ።

አሁን ቡፌያችን ላይ የቆመ የተከፈተ ወይን የለም። የተረፈው በትንሽ ጠርሙስ ተሞልቶ፣ ክዳኑ ላይ የተከፈተበት ቀን ተጽፎ ፍሪጅ ውስጥ ነው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ እኔ እቀምሳለሁ። ጋሼ ሲሆኑማ ጭራሽ አያምኑኝም። ጠርሙሱን ገና ብድግ ሳደርግ ብርጭቋቸውን በመዳፋቸው ከድነው፣

“ቀመስከው?” ይሉኛል።