አሥራ አምስት ሚሊቮልት

(ከ5ኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ)

«ከጀርመን ምን ይዘህ መጣህ?» እያላችሁ ኮሪደር ላይ ስትጠይቁኝ ለነበራችሁ ሁሉ መልሴ ይኸውላችሁ። ቸኮሌቱ በመጀመሪያው ቀን አልቋል። የቀረውን በዚህች ጽሑፍ ተካፈሉኝ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሰርግ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ኪሴን የሚደጉመው ይሄው የሰርግ ሥራ ነው። ወደ ሥራው ያስገቡኝ አጎቴ ናቸው። ጎንደር ተወልደው ያደጉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ማሲንቆ ከእጃቸው ያልተለየ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ከአንድ የሰርግ ባንድ ጋር ብዙ ዓመት ሠርተዋል። «የእህቴ ልጅ ነው፣ እጁ የቀና ነው» ብለው ለባንዱ አለቃ ያስተዋወቁኝም እሳቸው ናቸው።

ጣጣው የመጣው በአንቺሆዬ ነው። መቼም ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በስም የማያውቅ የለም። አራቱም ቅኝቶች አምስት አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። በትዝታ ስንጫወት እኔና አጎቴ ብዙም አንጣላም ነበር። ወደ አንቺሆዬ ስንገባ ግን ሁለተኛዋ ድምፅ ላይ ስንደርስ የሳቸው ማሲንቆና የኔ ኪቦርድ ይፋጫሉ። ኪቦርድ ቁልፉን ሲጫኑት የተሰጠውን ድምፅ ያወጣል፣ አለቀ። ማሲንቆ ግን አንድ የፈረስ ጭራ ክር እንጂ ድምፁን የሚወስንለት ምልክትም እርከንም የለውም። ቦታውን የምታውቀው ጣት ናት።

አንድ ቀን ድምፅ የሚቆጣጠረው ልጅ «ማሲንቆው ፎልስ ነው» አለ። ሌላ ቀን ደገመው። በሦስተኛው የባንዱ አለቃ ወደኔ ዞሮ «ኪቦርዱ ውስጥ ማሲንቆ አለ አይደል እንዴ? ለምን ለሁለት ሰው እንከፍላለን?» አለኝ። እውነትም አለ። አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። እኔ ዝም አልኩ። አጎቴ ቀሩ፣ የኔ ክፍያ ጨመረ። እሳቸው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሣጥንህ አንቺሆዬን አያውቃትም። እኔን የሚያሳስበኝ አንተም እንዳትረሳት ነው» አሉኝ።

ሕሊናዬ እንቅልፍ ቢነሳኝ አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ ስልኬ ላይ በጫንኩት ቲዩነር ለካኋቸው። የለካሁት ያቺን የተጣላንባትን ሁለተኛዋን ድምፅ ብቻ ነው። ለማታውቁት ላስረዳ፦ ከአንድ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ያለው ርቀት 1,200 ሴንት ተብሎ ይከፈላል። የኪቦርድ ቁልፎች 12 ስለሆኑ ከአንዱ እስከሚቀጥለው እኩል 100 ሴንት ነው። የአጎቴ ጣት ከኪቦርዱ ቁልፍ በ18 ሴንት ከፍ ብላ አረፈች። አሥር ጊዜ አስደገምኳቸው። ሁለት ሦስት ሴንት ወዲህ ወዲያ ከማለት በስተቀር አሥሩንም ጊዜ እዚያው ናት። የመለኪያ ትምህርት የወሰደ ሁሉ እንደሚያውቀው የዘፈቀደ ስህተት አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ነው የሚውለው። አሥር ጊዜ አንድ ቦታ የሚያርፍ ጣት ግን በዘፈቀደ ተሳሳተ አይባልም። ውጤቱን ስነግራቸው «ሴንት? ሳንቲም ማለትህ ነው? ታዲያ በአሥራ ስምንት ሳንቲም ነው ያባረራችሁኝ?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

እንግዲህ ይህን ሸክም ይዤ ነው በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ለአጭር ሥልጠና በርሊን የተገኘሁት። ዕድል ሲቀና ሥልጠናው ሱፐርቡዝ ከሚባለው ትልቅ የሲንተሳይዘር ትርዒት ጋር ገጠመልኝ። ትርዒቱ ከግንቦት 8 እስከ 10 ለሦስት ቀን የቆየ ሲሆን የተካሄደውም ከከተማው በስተምሥራቅ ቩልሃይደ በሚባል ጫካ ውስጥ በሚገኘው ፌትስ የተባለ የልጆችና የቤተሰብ መዝናኛ ነው። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1979 በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ለአቅኚ ሕፃናት የተሠራ ቤተ መንግሥት መሰል ግቢ ነው። ደርግን ያዩ ወላጆቻችን ቢያዩት የሚያውቁት ዓይነት ነገር ነው።

ስገባ መጀመሪያ የመሰለኝ መርካቶ ነው። ልዩነቱ እዚህ የሚጮኸው ሰው ሳይሆን ዕቃው መሆኑ ነው። አንዱ ጠረጴዛ እንደ ነጎድጓድ ያጉረመርማል፣ ሌላው እንደ ወፍ ይንጫጫል፣ ከዚያኛው ጥግ ከበሮ ይደልቃል። ጠጉራቸው የሸበተ ሽማግሌዎች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው እንደ ሕፃን በማዞሪያ ቁልፎች ይጫወታሉ። እኔ ደግሞ በየጠረጴዛው አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ዞርኩ፦ ይሄ ዕቃ የአጎቴን 18 ሴንት ያውቃል?

መጀመሪያ ያቆመኝ የሞጁላር ሰፈር ነው። ሞጁላር ማለት ትንንሽ የወረዳ ሣጥኖችን ጎን ለጎን ደርድሮ በሽቦ እያገናኙ የራስን መሣሪያ መገንባት ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበትን መጠንና አሠራር ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር ነው። ደስ የሚለው ነገር ቋንቋው የኛ ቋንቋ መሆኑ ነው። የድምፁን ከፍታ የሚወስነው ቮልቴጅ ነው። ሮበርት ሙግ በ1960ዎቹ ባስለመደው ሥርዓት 1 ቮልት ሲጨምር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል። ካልኩሌተር አያስፈልግም፦ 1 ቮልት ለ1,200 ሲካፈል አንዱ ሴንት 0.83 ሚሊቮልት ገደማ ነው። 18 ሴንት ታዲያ ስንት መጣ? 15 ሚሊቮልት።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አጎቴን ከሥራ ያስወጣቸው 15 ሚሊቮልት ነው! ቤተ ሙከራ ውስጥ «ኖይዝ ነው፣ እለፈው» የምንለው መጠን ማለት ነው።

ሌላም ነገር ገባኝ። ቮልቴጅ በራሱ እርከን የለውም። ከ0 እስከ 1 ቮልት ባለው መካከል የትም ማረፍ ይቻላል፣ ልክ እንደ ማሲንቆው ክር። አሥራ ሁለቱን እርከን የሚያመጣው በኋላ የሚጨመረው ነገር ነው፦ ኪቦርዱ ወይም ኳንታይዘር የሚባለው ሣጥን። ስለዚህ «ማሽኑ አንቺሆዬን አያውቅም» ማለት ሙሉ እውነት አይደለም። ማሽኑ ምንም አያውቅም። የሚያውቀው የነገሩትን ነው።

ታዲያ አሥራ ሁለቱን ማን ነገረው? ከጥንቱ የፒያኖ ቁልፍ ቢጀምርም በዘመናችን ያጸናው ሚዲ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1983 አናሃይም ካሊፎርኒያ በተካሄደው የናም ትርዒት ላይ የሁለት ተፎካካሪ ድርጅቶች ሲንተሳይዘሮች፣ ፕሮፌት 600 እና ጁፒተር 6፣ በአንድ ገመድ ተገናኝተው አብረው ተጫወቱ። የሐሳቡ አባቶች አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና የሮላንዱ መሥራች ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ ናቸው። ሚዲ ድምፅን የሚጠራው ከ0 እስከ 127 ባለ ቁጥር ነው። 60 አለ፣ 61 አለ፤ በመካከሉ የሚኖር ቁጥር የለም። አጎቴ የሚኖሩት እዚያ መካከል ነው። እርግጥ ድምፅን የሚያጎብጥ ትእዛዝ ከመጀመሪያውም ነበረው፤ ነገር ግን በአንድ ቻነል ላይ ያሉትን ድምፆች ሁሉ አብሮ ያጎብጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ኤምፒኢ የሚባል አሠራር ጸደቀና ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቻነል ተሰጠው።

ይህንን በእጄ ያየሁት ኦስሞስ በሚባለው የፈረንሳዮች ኪቦርድ ላይ ነው። ሲያዩት ተራ ኪቦርድ ይመስላል። ቁልፉን ስትጫኑት ግን ወደ ጥልቅ ይሰምጣል፣ ወደ ጎን ስትገፉትም ይወዛወዛል፣ ድምፁም አብሮ ይጎብጣል። ቁልፏን በስሱ ወደ ቀኝ ገፋ አደረግኳትና አንቺሆዬን ሞከርኩ። የማሲንቆ መርገብገብ የሚመስል ነገር ወጣ! ፀጉሬ ቆመ። ችግሩ ሁልጊዜ መግፋት ያስፈልጋል። ትንሽ ከዘነጉ ተመልሶ አሥራ ሁለት ነው። አርቱሪያ ፖሊብሩት 12 የሚባለውን አዲስ መሣሪያም ነካካሁት። ቁልፉ ገና መውረድ ሲጀምር ጀምሮ የጣትን ግፊት ያነብባል። ዋጋው ወደ 4 ሺህ ዩሮ ነው ሲሉኝ እጄን ቀስ ብዬ አነሳሁ። ያንን ለመግዛት የአገሩን ሙሽራ በሙሉ መዳር ይጠበቅብኛል።

ከሁሉም ልቤን የወሰደው አዲስ ያልሆነው ነው። ሊራ 8 ይባላል፣ ሶማ የሚባል አነስተኛ ድርጅት የሚሠራው ነው። ቁልፍ የለውም። ስምንት ድምፆች አሉት፣ እያንዳንዱም የራሱ ማዞሪያ አለው። በጣት የብረት መነካኪያውን ሲነኩት በቆዳችን በኩል አነስተኛ ፍሰት ያልፍና ድምፁ ይነሳል። አሥራ ሁለት የሚባል ነገር ከነጭራሹ አያውቅም። ክራር እንደሚቃኝ ሰው ራስህ መቃኘት አለብህ። የአጎቴን ቅጂ ስልኬ ላይ ከፍቼ በአንድ ጆሮዬ እሳቸውን፣ በሌላው ሊራን እያዳመጥኩ አምስቱን ድምፅ ለመቃኘት ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፣ እኔ እቴ! ስጨርስ አንድ በአንድ ነካኋቸው። አንቺሆዬ በርሊን ጫካ ውስጥ!

ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ልጅ «ይህ ምን ቅኝት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ከኋላ ተሰልፎ የነበረ አንድ ጎልማሳ «ኢትዮጵያ!» ብሎ «ኃይሉ መርጊያ!» አለኝ። ያውቀዋል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ በአኮርዲዮን፣ በሙግና በድረም ማሽን የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰምቶታል። በዚያ መካከል ብዙ ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነድቷል። ፈረንጁ የኛን ሰው እንዲህ ሲያወሳ ኩራቴ አልቻል አለኝ።

ኩራቴ ግን ብዙ አልቆየም። ሰውዬው ጥያቄ አስከተለ፦ «እሺ፣ አንተ አገርህ በምን ትጫወታለህ?» የሰርግ ኪቦርዴን ስም ነገርኩት። «እሱማ የቅኝት ማስተካከያ አለው። ሜኑው ውስጥ ግባ፣ አሥራ ሁለቱንም ቁልፎች እያንዳንዳቸውን በሴንት ከፍና ዝቅ ማድረግ ትችላለህ» አለኝ።

አንባብያን ሆይ፣ ያንን ኪቦርድ አራት ዓመት ተጫውቼበታለሁ። ማሲንቆ የሚለውን ቁልፍ አውቃለሁ። ያንን ሜኑ ግን አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም። የኮርግ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ሞኖሎግ የሚባለውን ሲንተሳይዘር ሲያስተዋውቅ ብሪታንያዊው ሙዚቀኛ አፌክስ ትዊን በቅኝት ማስተካከያው ላይ አማክሮ ነበር። ፈረንጅ ከአሥራ ሁለቱ ለመውጣት እንዲህ ሲለፋ፣ የራሱ ቅኝት ያለው እኔ ግን «ማሽኑ አይችልም» ብዬ አጎቴን አስቀረሁ። ማሽኑ ይችል ነበር። ያልቻልኩት እኔ ነኝ።

አገሬ እንደገባሁ ኪቦርዱን ተሸክሜ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ሜኑውን ከፈትኩ፣ ሁለተኛዋን ድምፅ በ18 ሴንት ከፍ አደረግኩ። አጎቴ ማሲንቷቸውን ቃኝተው ጀመሩ፣ እኔም ተከተልኩ። ያ ፍጭት የለም። ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። «ጋሼ፣ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ሁለተኛዋ መጣች» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው «አራተኛዋ ግን አሁንም ትዋሻለች። ለሷስ ሳንቲም አልያዝክም?» አሉኝ።

አራተኛዋን አልለካኋትም ነበራ። ስልኬን አወጣሁና ሌሊቱን ሁሉ ስንለካ አደርን። ያውም ለአንድ መነሻ ድምፅ ብቻ ነው። ዘፋኙ መነሻውን ከቀየረ ሁሉም እንደገና መቃኘት አለበት። ለዚህም ነው የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ርዕስ እንድቀይር አማካሪዬን የጠየቅኩት፦ የማሲንቆን ቅኝት የሚለካና በየመነሻው ለኪቦርድ የሚያስተላልፍ አነስተኛ መሣሪያ። ወረዳው አይከብድም። የሚከብደው ልኬቱ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ሽማግሌ ከሌላው ይለያል፣ የሁሉም ደግሞ ልክ ነው።

ለባንዱ አለቃም «ከእንግዲህ ያቺን የማሲንቆ ቁልፍ አልጫንም» ብዬዋለሁ። «ለአንድ ሰርግ እንሞክር» ብሏል፣ የኔ ክፍያ ወደ ቀድሞው ይመለሳል ማለት ነው። አጎቴ ገና እሺ አላሉም። «ይጠሩኛ፣ ስጠራ እናያለን» ነው ያሉት። እኔም አልወቅሳቸውም። ጥሪው ከኔ አፍ መውጣት የነበረበት ዛሬ ሳይሆን ያን ቀን ነበር።

እናንተም በየቤታችሁ አባት፣ አያት፣ አጎት ያላችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር «ኖይዝ ነው» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት አሥር ጊዜ ለኩት። ቸር እንሰንብት!