አክስቴ «ኦክስጅን» ያለችው ቦምቦላ

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አክስቴ ቤት ከርሜ ነበር። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የሐበሻ ሱቅ ጎራ ብለን የገዛነውን እንጀራና በርበሬ ልጭን የልጇን መኪና የኋላ ክዳን ከፈትኩ። አክስቴ ከኋላዬ ቆማ ኖሮ፣ ጥግ ላይ በብረት የታሰረ ሰማያዊ ቦምቦላ አየች።

«ማን ታሞ ነው?» አለችኝ።

«ምን?»

«ይሄ ኦክስጅን አይደለም እንዴ? ማን ታሞብኝ ነው የምትደብቁኝ?»

ሆስፒታል ደጅ ቦምቦላ ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው ያየ ሁሉ እንደ አክስቴ ነው የሚያስበው። እኔም አፌ ላይ የመጣውን «እሳት ማጥፊያ ነው» አልኳት። አመነችኝ። ፊት ለፊት ገብታ ቀበቶዋን አሰረች፤ ቤት እስክንደርስም ስለ ስብከቱ ስታወራኝ ነበር።

እሳት ማጥፊያ አልነበረም። እንዲያውም ሥራው እሳት ማባባስ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ውሸትና ቦምቦላው ውስጥ ስለነበረው ነገር ነው።

ውስጡ የነበረው አራት ኪሎ ተኩል ገደማ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። መኪናው የ2011 ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ ነው፤ 2.5 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ባለ ተርቦ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 265 የፈረስ ጉልበት ያለው። ባለቤቱ የአክስቴ ልጅ ነው፤ አቡሽ እንበለው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ሌሊት መጋዘን ይሠራል። ካገኘው ላይ ለእናቱ ይሰጣል፤ የተረፈውን መኪናው ይበላዋል።

በ2001 የወጣውን «ዘ ፋስት ኤንድ ዘ ፊውሪየስ» ያየ ሰው ናይትረስን እንደ ሮኬት ነዳጅ ያስበዋል። ነዳጅ አይደለም፤ ራሱም አይነድም። ሞተር ውስጥ ገብቶ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ ወደ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ይከፋፈላል። አየር በክብደቱ 23 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ነው፤ ናይትረስ ግን 36 በመቶ። ከቦምቦላው ፈሳሽ ሆኖ ሲወጣ ደግሞ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ያበርደዋል፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ የታመቀ ነው። እንግዲህ አክስቴ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ኦክስጅን ተሸክሟል፤ ግን ለሞተር እንጂ ለሰው ሳንባ አይደለም።

ተጨማሪ ኦክስጅን ተጨማሪ ቤንዚን ይጠይቃል። ጉልበቱም የሚመጣው ከዚያ ቤንዚን ነው። ኦክስጅኑ መጥቶ ቤንዚኑ ከቀረ ግን ድብልቁ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይወጣል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተኑ ይሰበራል ወይም ይቀልጣል። ናይትረስ ስላጠፋቸው ሞተሮች የምትሰሙት ወሬ አብዛኛው የቤንዚን እጥረት ወሬ ነው።

ተርቦ ያለው ሞተር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። ተርቦን የሚያዞረው ጭስ ነው። ናይትረስ ጭሱን ስለሚያበዛው ተርቦው ቶሎ ይነሳል፤ አቡሽን የማረከውም ይህ ነው። ነገር ግን ትርፍ ጭሱን የሚያስወጣው ዌስትጌት የሚባለው በር ካልቻለው፣ የተርቦው ግፊት ከተወሰነለት ያልፋል። ስለዚህ «ሃምሳ ፈረስ ይጨምራል» ተብሎ የተሸጠ መርጫ ተርቦ ላይ ሲገጠም በሃምሳ ላይቆም ይችላል።

ይህን ሁሉ የተማርነው በመጽሐፍ አይደለም። ግንቦት ውስጥ አንድ ሌሊት፣ ከመጋዘኖች ጀርባ ባለ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነው። ዕቃውን አቡሽ ራሱ ገጥሞታል፤ የመረጠው መርጫ የ75 ፈረስ ነው። ሁለት ሽቦ፣ አንድ ማብሪያ፣ በቃ። እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። «ጋዜጠኛ ነኝ፣ ማየት አለብኝ» ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጥቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

በመጀመሪያው ዙር ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ፤ እንደ ልጅ ሳቅን። በሁለተኛው ዙር ሦስተኛ ማርሽ ላይ ከኮፈኑ ሥር አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ጠጠር በጣሳ ውስጥ ሲናጥ የሚሰማ ዓይነት። ወዲያው ጉልበቱ ጠፋ፤ ከኋላችንም ሰማያዊ ጭስ ሞላ። መኪናውን ዳር አቁመን ሳንወርድ፣ ትንሽ ወደፊት ካለው የመጋዘን በር አንድ ሠራተኛ መብራት በሌለው ብስክሌት ወጥቶ መንገዱን አቋርጦ ሄደ። ሞተሩ ባይሰበር ኖሮ የት ላይ እንደምንገናኝ ሁለታችንም በልባችን አሰላን። አንዳችንም አልተናገርንም።

በማግስቱ መኪናው ተጎትቶ አንድ የሐበሻ ጋራዥ ገባ። መካኒኩ አዲስ አበባ ሠርተው ያረጁ ሰው ናቸው። ሞተሩን ሲፈቱት አራተኛው ፒስተን ላይ ፋሻዎቹ የሚቀመጡበት ጠርዝ ተሰብሮ ተገኘ። ምክንያቱ ያረጀ የነዳጅ ፓምፕ ነበር። ዙሩ ሲጨምር የቤንዚኑ ግፊት ወርዷል፣ ናይትረሱ ግን እንደከፈቱት መፍሰሱን ቀጥሏል። የሚያስቆመው ነገር አልነበረም።

«ከመግጠማችሁ በፊት ኮምፕሬሽን ለክታችኋል?» አሉን።

«አልለካንም ጋሼ።»

«የነዳጅ ግፊትስ?»

ዝም አልን። እሳቸውም እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አቡሽ የሦስት ወር ደሞዙን ከፈለ። ፒስተኖቹ ተቀጥቅጠው በተሠሩ ጠንካራ ፒስተኖች ተተኩ፤ ፓምፑ ተቀየረ። ናይትረሱን ግን አልተወም። ጋሼም «ካልቀረልህ እንደ ሰው ሥራው» አሉት። መርጫው ከ75 ወደ 35 ወረደ። ካንዴላዎቹ አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ በሆኑ ተተኩ፤ ክፍተታቸውም ጠበበ። ናይትረሱ ሲከፈት ካንዴላው የሚለኩስበት ጊዜ እንዲዘገይ ኮምፒውተሩ ተስተካከለ፤ የተለመደው ስሌት ለ50 ፈረስ ሁለት ዲግሪ ገደማ ነው። ቤንዚኑም ከማደያው ከፍተኛው፣ ባለ 93 ኦክቴኑ ብቻ ሆነ።

እኔን የገረመኝ ግን የሽቦው ሥራ ነው። ማብሪያው ቢበራም ናይትረሱ አይወጣም። ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ካልተረገጠ አይወጣም። ሞተሩ ከ3,500 ዙር በታች ከሆነ አይወጣም፤ ናይትረሱ በሰከንድ የሚፈሰው መጠን አንድ ስለሆነ፣ ሞተሩ ሲዘገም በእያንዳንዱ ምት የሚገባው በዝቶ ፒስተኑን የተሸከመውን ቢዬላ ያጣምማል። ከ6,000 ዙር በላይም ይዘጋል፤ የመጨረሻው ዙር ላይ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ሲቆርጥ ናይትረሱ ብቻውን እንዳይቀር። የነዳጅ ግፊት ቢወርድ ይዘጋል። ድብልቁ ቢሳሳ ይዘጋል። የተርቦው ግፊት ቢያልፍ ይዘጋል። እነዚህ ሁሉ በአንድ መስመር የተያያዙ ናቸው። እንዲከፈት ሁሉም እሺ ማለት አለባቸው፤ እንዲዘጋ ግን የአንዱ እንቢታ ይበቃል።

«ጥንቃቄ ማለት ይሄ ነው» አሉኝ ጋሼ። «ማብሪያውን ማንም ይገጥመዋል። እንቢ ባዩን ነው መግጠም።»

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። ናይትረስ ከ36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ ሲያልፍ ቦምቦላው ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ አይቆይም፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ በፍጥነት ይወጣል። ሲሠራ የሚፈለገው ግፊት ከ900 እስከ 1,000 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። ግፊቱ ከልክ ካለፈ ቦምቦላው እንዳይፈነዳ አንገቱ ላይ ያለች ስስ ብረት ትቀደድና ጋዙ በሙሉ ይወጣል። መኪና ውስጥ ከወጣ የሚተነፈሰውን አየር ያባርራል፤ የነካውን ሥጋ በቅዝቃዜ ያቃጥላል። ለዚህ ሲባል ከዚያች ቦታ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ ይገጠማል። የድራግ ውድድር ደንብም ቦምቦላው በሚገባ እንዲታሰር፣ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ከሆነም ማስተንፈሻው ወደ ውጭ እንዲወጣ ያዛል። የእኛ ቱቦ ታዟል፤ ገና አልደረሰም። ጋሼም «ቱቦው ሳይገጠም ቦምቦላው መኪና ውስጥ አይዋል» ብለውን ነበር። «እሺ» ብለናል።

እንግዲህ ያን እሁድ አስቡት። የቨርጂኒያ ሐምሌ ነው። መኪናው መስኮቱ ተዘግቶ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ቅዳሴው ሦስት ሰዓት ፈጅቷል። ሞተሩ ላይ ያሉት ጠባቂዎች ሁሉ በቦታቸው ናቸው፤ ሁሉም ግን የሚጠብቁት ሞተሩን ነው። ሙሉው ቦምቦላ ከኋላ፣ አክስቴ ከፊት። እኔ ደግሞ «እሳት ማጥፊያ» እላለሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ሰኞ ማታ አቡሽን «ወይ አንተ ትነግራታለህ ወይ እኔ» አልኩት። ቡና ላይ ነገርናት። የግንቦቱን ሌሊትና ብስክሌተኛውንም ጨምረን።

አክስቴ አልጮኸችም። ሦስት ነገር ጠየቀችን። «ይፈነዳል?» ቱቦው ከተገጠመና በወጉ ከተያዘ የመፈንዳት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው አልናት። «ማን ነው ያየላችሁ?» የጋሼን ስም ነገርናት፤ ታውቃቸዋለች። «ታዲያ ለምን ደበቃችሁኝ?» ለዚህኛው መልስ አልነበረንም።

ሲኒዋን አስቀምጣ ፈረደች። «ቦምቦላው የሚሄድበት ቀን እኔ አልሄድም። እኔ የምሄድበት ቀን እሱ አይሄድም። መንገድ ላይ ደግሞ የለም፤ የሰው ልጅ አለበት።»

ከዚያ በኋላ ቦምቦላው ቤቱ ሥር ባለው ቀዝቃዛ ጓዳ ታስሮ ይቀመጣል። የሚወጣው አቡሽ ሜሪላንድ፣ ባድስ ክሪክ ወዳለው የድራግ መወዳደሪያ በሚሄድበት ቀን ብቻ ነው። ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ የአክስቴ ሕግ ግን ከሁሉም ይጠብቃል። አንድ ቀን አብሬው ሄጄ አይቻለሁ። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቆሟል፣ አምቡላንስ ቆሟል፣ ከፊት ብስክሌት የሚያቋርጥ የለም። ሁለት ጊዜ ናይትረሱ ሳይከፈት ቀረ፤ የነዳጅ ግፊቱ ጠባቂ ዘግቶት ነበር። አቡሽ ተናደደ። በኋላ የነዳጅ ማጣሪያው ተደፍኖ ተገኘ። ያ ንዴት ሌላ ፒስተን አድኖለታል።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ይህን የሰማ አንድ ወዳጄ መልእክት ላከልኝ። እሱም ባለ አራት ሲሊንደር ባለ ተርቦ መኪና አለው። «ለእኔም አንድ ብታመጣልኝ ኖሮ! እዚህ አገር መኪናው ትንፋሽ ያጥረዋል» ይላል። እውነቱን ነው። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይጎድላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ናይትረስ ኦክሳይድን ተዋጊ አውሮፕላኖቻቸው ላይ የገጠሙት ለዚሁ ነበር፤ ከፍታ ላይ ለሳሳው አየር።

የመለስኩለት ግን እንዲህ ብዬ ነው። ተርቦህ እዚህ ከፍታ ላይ ያንኑ ግፊት ለማምጣት ቀድሞውኑ ከባሕር ወለል የበለጠ ይሽከረከራል፤ ትርፍ አቅሙ ትንሽ ነው። አቡሽ 93 ኦክቴን መርጦ ይቀዳል፤ አንተ የምትቀዳው ማደያው የሰጠህን ነው። ቦምቦላውን በሻንጣ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ክልክል ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ የሰበርከውን መኪና በሌላ መተካት እንደ ድሮው አይደለም።

«ጋዙን ከሕክምና ቤት የሚያወጣልኝ ሰው አለ» አለኝ።

እዚህ ላይ ተናደድኩ። ያ ጋዝ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ለተኛ ሰው ነው። ከዚያ ተወስዶ ቦሌ መንገድ ላይ ለአራት ሰከንድ ሽቅድምድም የሚቃጠል ከሆነ፣ የኮምፕሬሽን መለኪያ የማይደርስበት ሌላ ስብራት አለብን ማለት ነው።

ወዳጄ ተቀይሞኛል መሰለኝ። ይቀየም። እዚህ ቻናል ላይ ጉልበት ስላገኙና የሚያስቆማቸው ስላጡ ሰዎች ስንጽፍ ዓመታት ሆነን። እኔ ግን አንዲት ማብሪያ በእጃችን ስትገባ ምን እንደምንሆን ያየሁት ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ ወንበሩ ላይ ተጣብቄ ስስቅ ነው።

ናይትረስን በጥንቃቄ መጠቀም ይቻላል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ይቻላል እላለሁ። ጤነኛ ሞተር፣ በቂ ቤንዚን፣ ትንሽ መርጫ፣ ሁሉም እንቢ ባዮች በቦታቸው፣ ቦታውም መወዳደሪያው። ከመግጠማችሁ በፊት ግን ያን መኪና አብሯችሁ ለሚሳፈር ሰው ንገሩት። «እሳት ማጥፊያ ነው» ማለት ካስፈለጋችሁ፣ ገና አልተዘጋጃችሁም።