ድምፅ የሌለው መሪ በሰዓት ሠሪዎች ከተማ

ከፓሪስ ተነሥቶ በምድር ባቡር ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በኋላ ቤዛንሶን ከምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ይደርሳል። ይህች ከተማ ለስዊስ ወሰን ቀርባ፣ ዩራ በሚባሉት ተራሮች አጠገብ የተቆረቆረች ናት። ዱ የሚባለው ወንዝ እንደ ፈረስ ኮቴ ዞሮ አሮጌውን ከተማ ይከበዋል፤ ወንዙ ያልዘጋውንም በር ዐለታም ተራራ ይዘጋዋል። በተራራው ራስ ላይ የንጉሥ ሉዊ 14ኛ መሐንዲስ የነበረው ቮባን የሠራው ምሽግ፣ ከወንዙ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሞ ይታያል። ምሽጉም በአውሮጳ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከዚህ በታች የሚጻፉትም ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ታላቁ ደራሲ ቪክቶር ሁጎ በ1802 በዚች ከተማ ተወለደ። ሲኒማን ለዓለም ያሳዩት የሉሚዬር ወንድማማቾችም የተወለዱት በዚችው ከተማ ነው። ዳሩ ግን ለብዙ ዘመን የቤዛንሶንን ስም ያስጠራው የሰዓት ሥራ ነው። የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ጎብኚ በ1860 የተፈጸመውን ታላቅ የፈለክ ሰዓት ያያል፤ ይኸውም 30 ሺህ ያህል ክፍሎች ተገጣጥመው የሚያንቀሳቅሱት ሆኖ፣ የቀኑንና የወሩን ቍጥር፣ የፀሐይን መውጫና መግቢያ፣ የሩቅ አገሮችንም ሰዓት ያመለክታል። እንዲህ ጊዜን በብረት መለካት በለመደች ከተማ፣ ጊዜን በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ የሚለኩ ወጣቶች ሊፈተኑ መምጣታቸው ደስ የሚያሰኝ መገጣጠም ነው።

በ1948 በዚች ከተማ የሙዚቃ በዓል ተቋቋመ፤ በ1951 ደግሞ ከበዓሉ ጋር ለወጣት የኦርኬስትራ መሪዎች ዓለም አቀፍ ውድድር ተጀመረ። ዛሬ ውድድሩ በየሁለት ዓመቱ በመስከረም ወር የሚደረግ ሲሆን፣ ከብዙ አገሮች የሚመጡ ወጣቶች ይቀርቡበታል።

የኦርኬስትራ መሪ ምን እንደሚሠራ ጠንቅቆ ያላወቀ አንባቢ ቢኖር አያስገርምም። በእኛ አገር ማሕሌት ቆሞ ያየ ሰው፣ መሪው በመቋሚያው እያመለከተ፣ ራሱም እያዜመ ማኅበሩን ሲያስከትል ያውቃል። የአውሮጳው የኦርኬስትራ መሪ ግን ቀጭን በትር ይዞ በመካከል ይቆማል እንጂ ከእርሱ አንድም ድምፅ አይወጣም። ቫዮሊኑ፣ ዋሽንቱ፣ መለከቱና ከበሮው ሁሉ በሌሎች እጅ ነው። ሰማንያ ወይም መቶ የሚሆኑት ሙዚቀኞች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ኖታ ብቻ ሲያዩ፣ እርሱ የሁሉንም በአንድነት ያያል። መቼ እንደሚጀመር፣ የትኛው ድምፅ ከፍ፣ የትኛው ዝቅ እንደሚል፣ የት እንደሚፈጠን፣ የትስ እንደሚታገሥ የሚወስነው እርሱ ነው። ሰዓት ሳይሰማና ሳያይ ይቈጥራል፤ መሪ ግን እየሰማ ካልቈጠረ ጊዜውን ይስታል።

ስለዚህ የፈተናው አስጨናቂነት ከሌላው የሙዚቃ ውድድር ይበልጣል። ፒያኖ የሚመታ ተወዳዳሪ ለፈተና የሚቀርበው በተለማመደበት መሣሪያ ዓይነት ነው። ወጣቱ መሪ ግን መሣሪያው ሰው ነው፤ ያውም በዚያች ቀን የሚተዋወቀው፣ ብዙ ጊዜም በዕድሜና በልምድ የሚበልጠው ሰው። እነዚህ አንጋፋ ሙዚቀኞች ዜማውን ከብዙ ታላላቅ መሪዎች ጋር ደጋግመው ተጫውተውታል። ተወዳዳሪው ወደ ፊታቸው ሲወጣ፣ የሚያውቀውን አውቆ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ገና በትሩን ሲያነሣ ይረዱታል። ንግግር ቢያበዛ የተሰጠችው ጥቂት የልምምድ ጊዜ ታልቅበታለች፤ ዝም ቢል ደግሞ የተሳሳተውን ማቃናት አይችልም። በቀድሞው ዘመን ከነበሩት ፈተናዎች አንዱ፣ አንዳንድ ሙዚቀኞች ሆን ብለው እንዲሳሳቱ ተደርጎ፣ ተወዳዳሪው ስሕተቱን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል በጆሮው ለይቶ እንዲናገር ማድረግ ነበር።

ለፍጻሜው የሚደርሱት ጥቂቶች፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ብቻ ናቸው። በፍጻሜው ከታወቁት ሥራዎች ጋር፣ ለዚሁ ውድድር አዲስ የተደረሰ፣ ማንም ከዚያ በፊት በጉባኤ ያልሰማው ሥራ ይመራሉ። በታወቀው ሥራ ሰው የሌላውን አመራር ሊቀዳ ይችላል፤ በአዲሱ ግን የሚቀዳው ስለሌለ የራሱ ማስተዋል ይገለጣል። በከተማይቱ ያለው ቴአትር፣ ክሎድ ኒኮላ ለዱ የተባለው የሕንፃ ባለሙያ ነድፎት በ1784 የተከፈተ ነው። በ1958 ውስጡ በእሳት ቢጠፋም ባለ ዓምዱ ፊቱ ተርፎ፣ አዳራሹ እንደገና ተሠርቷል።

ከዚህ ውድድር ታሪክ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የጃፓናዊው የሴይጂ ኦዛዋ ነገር ነው። ይህ ወጣት አስቀድሞ ፒያኖ ይማር ነበር፤ ራግቢ በሚባለው የኳስ ጨዋታ ጣቶቹ ስለ ተጎዱ ግን ወደ መሪነት ትምህርት ተመለሰ። በ1959 በጭነት መርከብ ተሳፍሮ፣ ሞተር ቢስክሌቱን ይዞ ማርሴይ ወረደ። ስለ ቤዛንሶን ውድድር ሰምቶ ሊመዘገብ ቢሻም የምዝገባው ቀን አልፎ ነበር። ደንቡን ብቻ ቢመለከቱት ነገሩ በዚያ ባለቀ። ነገር ግን በፓሪስ የነበረው የአሜሪካ ኤምባሲ ስለ እርሱ አማላጅ ሆኖ ጻፈለት፤ አዘጋጆቹም ተቀበሉት። ኦዛዋም በ24 ዓመቱ አንደኛ ሆነ። ከዳኞቹ አንዱ የነበረው ሻርል ሙንሽ ወደ አሜሪካ ጋበዘው። በኋላም የቦስቶን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን ከ1973 እስከ 2002 ድረስ መርቶ፣ በ2024 በ88 ዓመቱ ዐረፈ። አንድ የዘገየ ማመልከቻ መዝገብ ቤት ተዘግቶበት ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚታጣ፣ ማኅተምና መዝገብ በእጃቸው ያለ ሰዎች ሁሉ ሊያስቡት የሚገባ ነገር ነው።

ከ60 ዓመት በኋላ በ2019 ሌላ ጃፓናዊት፣ ኖዶካ ኦኪሳዋ፣ በዚሁ ውድድር ታላቁን ሽልማት ተቀበለች። የዚችን ወጣት ድል ልዩ የሚያደርገው ሦስት ፍርዶች መስማማታቸው ነው። በቤዛንሶን የሚፈርዱት ዳኞች ብቻ አይደሉም፤ የተመሩት ሙዚቀኞችም የወደዱትን ይመርጣሉ፤ ተሰብስቦ ያዳመጠውም ሕዝብ ይመርጣል። ሦስቱም ወገኖች እርሷን መረጡ።

ልጆቻቸው ለሹመትና ለኃላፊነት እንዲበቁ የሚመኙ ወላጆች ይህን የመጨረሻውን ነገር ቢያስተውሉት መልካም ነው። ሊቃውንት የሰውን ዕውቀት ይመዝናሉ፤ ተመልካች ውጤቱን ይመዝናል። በበትሩ ሥር የነበሩት ግን መሪው በሥራቸው መካከል ይሰማቸው እንደ ነበረና እንዳልነበረ ያውቃሉ፤ ይህም ፍርድ ከሁለቱ ይልቅ በቀላሉ የማይገኝ ነው። መሪው ራሱ ድምፅ ስለሌለው፣ ክብሩም ሆነ ውርደቱ የሚሰማው በሌሎች ድምፅ ነው።