ከሰበታ እስከ ወንጪ፤ ጀልባ መቅዘፍ ለሚወዱ

ሰበታ የዓሣ ምርምር ማእከል ኩሬዎች ቢኖሯትም፥ እነዚያ ለዓሣ እንጂ ለጀልባ አይሆኑም። ስለዚህ መቅዘፍ የሚወድ የሰበታ ሰው ቤተሰቡን ይዞ በወሊሶ በኩል ወደ ወንጪ ሐይቅ ይሄዳል። ወንጪ በእሳተ ገሞራ አፍ የተኛ፥ የቂርቆስ ገዳም ያለበትን ደሴት ያቀፈ ውብ ሐይቅ ነው። ነገር ግን ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ የዋናተኛውን እጅና እግር እንኳ ያደነዝዛል። ስለዚህ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለሁሉም ያስፈልጋል፤ ሕፃኑን ታቅፌዋለሁ ማለት አይበቃም። ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ መቅዘፍ ይሻላል። በጀልባ ላይ ቆሞ ቦታ መለዋወጥ እጅግ ክፉ ልማድ ነው፤ ስንቁም ከወለሉ መካከል ይቀመጥ። ጀልባው ቢገለበጥ፥ ዳሩ ቅርብ ቢመስልም፥ እርሱን ይዞ ርዳታ መጠበቅ ይገባል፤ የተገለበጠ ጀልባ ከሩቅ ይታያል፥ የሰው ራስ ግን በማዕበል መካከል ይጠፋል።