ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ኅዳር 3 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ብርድ። ፀሐይ ግን አለ።

የእማዬ የማስታወስ ምርመራ። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ድምፁ ይቆራረጣል። «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር የሚል ሰዓት ይሳሉ» አላት። እማዬ ክቡን አሳምራ አዞረች፣ ቁጥሮቹን አንድም ሳታዛንፍ ደረደረች። አጭሩን ዘንግ አምስት ላይ፣ ረጅሙን ሁለት ላይ። ልክ ናት፤ በኛ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የግድግዳው ሰዓት አምስት ላይ ነው። ሐኪሟ ልትሰርዝባት ስትል አስረዳኋት። ዓመቱን ጠየቋት፤ 2017 አለች። ይህንንም አስረዳሁ። እንደምረታ ሁሉ ደስ አለኝ።

ከዚያ አምስቱ ቃላት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አንዱም የለም። ቤተ ክርስቲያን የሚል ነበረበት። ለዚህ የማስረዳው ነገር አልነበረኝም።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ኤምአርአይ። መጀመሪያ ረጅም ቅጽ። ሰውነት ውስጥ ብረት አለ? የልብ ምት ማስተካከያስ? ንቅሳት? ንቅሳት ላይ ቆምኩ። አንገቷ ላይ ሦስት ረድፍ፣ ግንባሯ ላይ መስቀል። ባለሙያው ቀለሙ ምንድን ነው አለ። እማዬ ሳቀች። «ጥላሸት ነዋ! በእሾህ ወግተውኝ።» አንዳንዱ የንቅሳት ቀለም ብረት ስላለበት ማሽኑ ውስጥ ሊግል ይችላል አሉ። ካቃጠላት የምትጨምቃት ኳስ አስያዟት። የብር መስቀሏን እኔ ያዝኩ፤ ማተቡ ክር ነውና ይቆይ አሉ።

ስትወጣ፦ «ወፍጮ ቤት አስተኝታችሁኝ ነው የሄዳችሁት።»

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

የኤምአርአዩ ውጤት። ሂፖካምፐስ የሚሉት፣ አዲስ ነገር የሚያዝበት ክፍል፣ ቀጥኗል። መለኪያው ከ0 እስከ 4 ነው፣ የእሷ 2። ከ75 ዓመት በታች ለሆነ ሰው 2 ያሳስባል። ከ75 በላይ ከሆነ ዕድሜ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ሥጋቱ ከ3 ይጀምራል።

ወረቀቷ 74 ይላል። እሷ ግን አጎቷ ኮሪያ ሲዘምት፣ በ1943፣ ሦስት ዓመቴ ነበር ነው የምትለው። ያ ከ75 በላይ ያደርጋታል። በወረቀቱ ታማሚ፣ በራሷ ቆጠራ ጤነኛ።

ሐኪሟ ፔት ስካን ይሻላል አለች።

ኅዳር 13፣ ዓርብ ማታ

እንቅልፍ የለም። ሳነብ አመሸሁ። ሐኪሙ አልዛይመር በፈረንጆቹ 1906 ያቀረበው፣ ታካሚው ከሞተች በኋላ አንጎሏን በማይክሮስኮፕ ያየውን ነው። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ያህል በስሙ ስለሚጠራው በሽታ እርግጠኛ መሆን የሚቻለው ከቀብር በፊት በሚደረግ የአስከሬን ምርመራ ብቻ ነበር። በፈረንጆቹ 2002 ስዊድን፣ ኡፕሳላ ላይ፣ በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ውስጥ አሚሎይድ የሚባለው የፕሮቲን ክምችት በፔት ምስል ታየ። እንዲታይ ያደረገውን ንጥረ ነገር የሠሩት የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲዎቹ ክላንክ እና ማቲስ። ጨረሩ የካርቦን 11 ስለሆነ ግማሹ በ20 ደቂቃ ያልቃል፤ እዚያው አጠገብ ማምረቻ የሌለው ሆስፒታል አይሞክረውም።

የሰው ስም እየረሳሁ የነዚህን ስም ለምን እንደያዝኩ እንጃ።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። «አውቀን ምን ልናደርግ ነው?» አልመለስኩለትም። ቀጠለና፦ «ከታወቀም አትንገሯት።» መርዶ ነው ያስመሰለው። ተናደድኩ፤ በኋላ ሳስበው እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር።

ክፍያው አያሳስብም። እስከ ፈረንጆቹ 2023 የአረጋውያኑ የጤና መድን ሜዲኬር ለአሚሎይድ ፔት የሚከፍለው ጥናት ውስጥ ለገባ ሰው ነበር፣ ያውም በዕድሜ ልክ አንዴ። ያ ቀርቷል።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ዝናብ። እንዳትዘገዩ ብለው ደጋግመው ደውለዋል። ለፔቱ የምትወጋው መድኃኒት ለእሷ ተብሎ ተሠርቶ ዛሬ ጠዋት በመኪና የመጣ ነው። ፍሎሪን 18 በ110 ደቂቃ ግማሹ ይጠፋል። መርፌው በወፍራም ብረት ተሸፍኖ ገባ። ጾሞ መምጣት አያስፈልግም ብለው ነበር፤ ያ በስኳር ለሚሠራው ሌላ ዓይነት ፔት ነው። እሷ ግን የነቢያት ጾም ላይ ናት፣ ውሃም አልቀመሰች።

ከተወጋች በኋላ አርባ ደቂቃ ጥበቃ። የረቡዑን ውዳሴ ማርያም በቃሏ ደገመች። አንድ ቦታ አልተደናቀፈችም። ይሄ የት ነው የተቀመጠው ታዲያ?

ምስሉ ራሱ አሥር ደቂቃ።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ሐኪሟ ስክሪኑን ወደኛ አዞረች። መጀመሪያ የጤነኛ ሰው፦ መድኃኒቱ ጎልቶ የሚታየው በውስጠኛው ነጭ ክፍል ነው፣ ከላዩ ካለው ግራጫ ክፍል ጋር ድንበሩ ይለያል። ቀጥሎ የእማዬ። ድንበር የለም። እስከ ዳር አንድ ዓይነት።

ሥዕሉ በየትኛው አቆጣጠር እንደምትኖር አልጠየቃትም። የማስረዳው አጣሁ።

ሐኪሟ ግን አትቸኩሉ አለች። ምንም የመርሳት ምልክት ከሌላቸው የእሷ እኩዮች ከአራቱ በአንዱ ገደማ ይኸው ይታያል፤ ምስሉ ብቻውን በሽታ አይባልም። የእሷ ግን መርሳቱም አለ። ክምችቱ ከምልክቱ 15፣ 20 ዓመት ቀድሞ ይጀምራል። የዛሬ ሃያ ዓመት እማዬ መርካቶ ነበረች፤ የዱቤ ደንበኞቿን ሁሉ ዕዳ ያለ ደብተር ትይዝ ነበር። ያኔ ጀምሮ ነበር ማለት ነው?

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ነገርኳት። ቡና አፍልታ እስክትጨርስ ጠብቄ። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ደግ አደረግሽ፣ ሳልረሳው ነገርሽኝ።»

ከዚያ ዕድሯ ተከፍሎ እንደሆነ ጠየቀች። ተከፍሏል አልኳት። ከሰዓት በኋላ ደግማ ጠየቀች።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ሌካኔማብ ስለሚባለው መድኃኒት የሰጡኝን ወረቀት አነበብኩ። በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር። በጥናቱ በ18 ወር ውስጥ መባባሱን 27 በመቶ አዘገየ። አያድንም፤ የጠፋውን አይመልስም። አንጎል ሊያብጥ፣ ሊደማ ይችላል፤ ስለዚህ በመካከሉ ኤምአርአይ ይደጋገማል። ከአባትም ከእናትም የኤፒኦኢ 4 ጂን የወረሰ ሰው አደጋው ይበዛበታል። እማዬ ለጂኑ ምርመራ ደም ሰጥታለች።

27 በመቶ። በእማዬ ኑሮ ስንት ነው? ገበያ ብቻዋን የምትሄድባቸው ጥቂት ተጨማሪ ወራት? ማንም በዚያ ቋንቋ አይነግረኝም።

ታኅሣሥ 28፣ ሰኞ፣ የገና ዋዜማ

በረዶ። ሌሊቱን ጀምሮ አላቆመም፣ መኪናው ተቀብሯል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንደማይቻል ነግሬያት ተቆጣች፤ በመስኮት አይታ አመነች።

ዶሮዋን እሷ ገነጠለች። አሥራ ሁለት ብልት፣ እጇ ራሱ ያውቀዋል፣ ስትቆጥር አላየኋትም። ቁሌቱ ላይ በርበሬ ሁለቴ የጨመረች መሰለኝ። ወይም መጀመሪያ አሳንሳ ነው። ድሮስ እንዲህ አልነበረችም? ከውጤቱ ወዲህ እያረምኩ ነው የማያት። ያስጠላል።

ወጡ ትንሽ ያቃጥላል። ሁላችንም በላን።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

የጂኑ ውጤት የሚነገረው ጥር 14፣ ረቡዕ ነው። አስተርጓሚ በአካል ይምጣ ብዬ ጠይቄያለሁ፤ በስልክ አይሆንም። መድኃኒቱን ልጀምር ወይም ይቅርብኝ የምትለው እሷ ናት፣ እኔም ወንድሜም አይደለንም። ይህን ጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰም።