ወንድሜ ያልነካው ባሕር

ወዳጆቼ፣ ጅቡቲ ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ባሕር እንዳይመስላችሁ። ታላቅ ወንድሜ በሚነዳው ተሳቢ ከአዋሽ ከተማ ተነሥተን የአዋሽን ሸለቆ ተከተልን፤ ሰመራ አደርን፤ ሙቀቱ እንቅልፍ ነሣን። አዋሽ ወንዝ ያን ሁሉ መጥቶ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፣ ባሕር አይደርስም። ወንድሜም እንደዚያው መሆኑን አላወቅሁም።

ጋላፊን ተሻግረን ጅቡቲ ወረፋ ያዝን። አቧራና የመኪና ሰልፍ ብቻ! ሾፌሩ ሁሉ አማርኛ ያወራል።

“ባሕሩ ጋ እንሂድ” አልሁት።

“መኪናውን ለማን ትቼ?”

ስድስት ዓመት ተመላልሶ እግሩን ነክሮ አያውቅም። እኛ ቤት ደግሞ የላከውን እየተቀበልን “ባሕር ዳር ይዝናናል” እያልን እናማዋለን።

“ሂድ፣ እኔ እጠብቃለሁ” አልሁት።

ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ በሃይላንድ የባሕር ውሃ ይዞልኝ መጣ።